አይተሽ እሺ በይ

ከሶኮሩ ወደ አሰንዳቦ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከኮረብቶቹ መሀል ድንገት ውሃ ብቅ ይላል። አውቶቡሱ ውስጥ ያለነው ወጣቶች ሁላችንም ስልካችንን አወጣን። ጥቅምት መጀመሪያ ነበር። ክረምቱ ያጠገበው ውሃ እስከ ሣሩ ጠርዝ ሞልቷል፤ ኮረብታው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ ይመስላል። ከኋላዬ አንዷ «ውይ፣ ሐይቁን እዩት!» አለች። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አላዞሩም። ፎቶዬን አንስቼ ስጨርስ ጠብቀው፣ «ይኼ ሐይቅ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። «መሬት ነበር።»

ልክ ናቸው። የምናየው የግልገል ጊቤ ግድብ ያቆመው ውሃ ነው። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ስለሆነ ሐይቁ ዕድሜው ከእኔ ያንሳል። ከዚያ በፊት እዚህ እርሻ፣ ግጦሽና ቤት ነበር። ሰዎች ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ፤ ውሃው በቦታቸው ገባ። ያው ውሃ ተርባይኑን አሽከርክሮ ሲጨርስ፣ 26 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ተጉዞ 420 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። አዲስ አበባ ቤቴ የሚበራው አምፖል፣ ያን ቀን ፎቶ ያነሳሁበት ስልክ ቻርጅ፣ ከፊሉ ከዚሁ ውሃ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌው ከዚያ ከተነሡት ይሁኑ አይሁኑ አልጠየቅኋቸውም። መጠየቅ ነበረብኝ። ሰርቦ ላይ ወረዱ፤ እኔ ፎቶውን ሳልለጥፈው ቀረሁ።

እውነቱን ለመናገር ውሃ ለማየት አልነበረም የምሄደው። አጋሮ አጠገብ ያለች፣ ግማሽ ሄክታር የማትሞላ የቡና ማሳ እንድትነቀል እሺ ለማለት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሳው የአያቴ ነበር፤ ከእሳቸው ለአባቴና ለታላቅ እህቱ ቀረ። በኦሮምኛ የአባት እህት «አዳዳ» ትባላለች፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም፤ አዳዳ ነው የምላቸው። አባቴ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ገብቶ በዚያው ቀረ። ማሳውን ሲያርሙ፣ ሲለቅሙ፣ ሲያደርቁ የኖሩት አዳዳ ናቸው። አባቴ በየዓመቱ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ሄዶ ይመለሳል፤ ሲመለስም በማዳበሪያ ከረጢት ቡና ይዞ ይመጣል። ከሁለት ዓመት በፊት አረፈ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት አዳዳ ደወሉልኝ። ቡናው አርጅቷል፣ ፍሬው እየቀነሰ ነው፣ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ እየነቀሉ ጫት ተክለዋል፣ እሳቸውም ሊነቅሉ አስበዋል።

እኔ ወዲያው፣ «አዳዳ፣ እርስዎ ካሉ እሺ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳቸው። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ስብሰባ ልገባ ነበር። ዝም አሉ። ከዚያ፣ «በስልክ እሺ አይባልም» አሉኝ። «ግማሹ የአባትሽ ነው። ነይና እዪው። አይተሽ እሺ በይ።»

*

ጅማ ስገባ እየዘነበ ነበር። እኛ አዲስ አበባዎች ክረምት ማለት ሰኔ ገብቶ መስከረም ላይ፣ ልክ አደይ አበባ ስትታይ፣ የሚወጣ ነገር ይመስለናል። ጅማ ውስጥ ዝናቡ መጋቢት ላይ ሀ ብሎ ይጀምርና ጥቅምት እስኪጋመስ አይለቅም። መስከረም መጨረሻ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ፣ ክረምቱን በሰላም ስላሻገርከን ብሎ ሲያመሰግን፣ ኢሬቻን ሲያከብር፣ የጅማ ሰው ጃንጥላውን ገና ከበር ኋላ አልመለሰም። ግን የጥቅምቱ ዝናብ ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ መጥቶ አንድ ሰዓት ያህል ቆርቆሮውን ይደበድብና፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ድንገት ፀሐይ አስከትሎ ይሄዳል። ባጃጆቹ ጭቃቸውን እየረጩ ይወጣሉ፤ በረንዳ ላይ ተጠልሎ የነበረው ሰው ሁሉ ያቋረጠውን ወሬ ሳይጨርስ ይበተናል።

ያደርኩት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምትሠራ ጓደኛዬ ጋ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ጂሬን ወሰደችኝ። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው፤ በረንዳው ላይ ስትቆሙ ከታች ያለው ሜዳ ሁሉ በእንጨት ዓምዶቹ መሀል ይታያል። አባ ጅፋር ከእ.ኤ.አ. 1878 እስከ 1932 ነገሡ። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ እንደነበር ይነገራል። እኔን የያዘኝ ግን ቁመታቸው አይደለም። የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲዘልቅ ንጉሡ አልተዋጉም፤ ገበሩ። በየዓመቱ ግብር እየላኩ፣ አገራቸውን ራሳቸው እያስተዳደሩ ቆዩ፤ የሂርማታ ገበያም ሳይቃጠል ቀረ። ወላይታ እ.ኤ.አ. በ1894፣ ከፋ ደግሞ በ1897 ተዋግተው ምን እንደደረሰባቸው ታሪክ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጓደኛዬ፣ «አንዳንዱ ሰው ፈሪ ነበሩ ይላል፤ አንዳንዱ ብልህ ነበሩ ይላል» አለችኝ። «አንቺስ?» አልኳት። «እኔ ሒሳብ የሚያውቁ ነበሩ ነው የምለው። ምን እንደሚሰጡና ምን እንደሚያስቀሩ ለይተዋል።»

ያን አባባሏን አጋሮ ድረስ ይዤው ሄድኩ።

ማታ ላይ ደግሞ ቦዬ ሄድን። አዌቱ የሚባለው ወንዝ ጅማን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ፣ ከተማው የጣለበትን ሁሉ ተሸክሞ፣ ቦዬ ረግረግ ውስጥ ይገባል። ረግረጉ ቆሻሻውን አስቀርቶ ውሃውን ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይለቀዋል፤ እሱም ይወርድና ያ ሽማግሌው ያላዩት ውሃ ውስጥ ይገባል። አባቴ ልጅ ሳለሁ የቦዬ ጉማሬ ታሪክ ይነግረኝ ነበር፤ ሌሊት ወጥታ የሰው በቆሎ የምትበላ፣ ጠዋት ምንም እንዳልሠራች ውሃ ውስጥ ተኝታ የምትገኝ። እኔ ጉማሬ አላየሁም። ደንገሉ መሀል አክሊል ያላቸው ሁለት ቁራ የሚያካክሉ… አይደለም፣ ከቁራ በጣም የሚረዝሙ፣ ጭንቅላታቸው ላይ የወርቅ ብሩሽ የተተከለባቸው ወፎች ቆመው አየሁ። ጓደኛዬ ሣቀችብኝ፤ ዘውዳም ክሬን ናቸው አለችኝ። ከወፎቹ አለፍ ብሎ ጭስ ይወጣል። ሰዎች ከረግረጉ ዳር ጭቃውን እየቆፈሩ ሸክላ ጡብ ይሠራሉ፤ ከዚያ አለፍ ሲል ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ጡቡ የጅማ ቤት ይሆናል፤ ባሕር ዛፉ ረግረጉን ይጠጣዋል። አንዳቸውም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሁሉም ዘንድሮን ነው የሚኖረው።

*

አጋሮ ከጅማ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዷ የነበረችው የጎማ ከተማ ናት፤ ጮጬም እዚያው ጎማ ውስጥ ናት። አፈ ታሪኩ ያ ፍየል ጠባቂ ቡናን መጀመሪያ ያገኘው ጮጬ፣ ከታ ሙዱጋ በሚባል ቦታ ነው ይላል። ከፋዎች ደግሞ እኛ ጋ ነው ይላሉ። መንገዱ ዳርና ዳር ቡና ነው። የቡና ማሳ አይተው የማያውቁ ሰዎች እንደ ስንዴ ሜዳ ይመስላቸዋል፤ እዚህ ግን ቡና ማለት ከዛፍ ሥር ያለ ዛፍ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራው ጥላውን ይዘረጋል፤ ከሥሩ ቡናው ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሉን እያብረቀረቀ ይቆማል። በጥቅምት መጀመሪያ ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው፤ እዚህም እዚያም ግን አንድ ሁለት ፍሬ ቀልቷል። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ከዚህ የተሻለ ወር የለም። ጭጋግ አለ፣ አበባ አለ፣ አቧራ የለም።

ይህን ለአዳዳ ስነግራቸው ሣቁ። «እንግዳ ሁሉ በዚህ ወር ነው ደስ የሚለው» አሉ። «እኛ ደግሞ ኪሳችን ባዶ የሚሆነው በዚህ ወር ነው።»

ይህን ለመረዳት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቡና ገንዘብ የሚያመጣው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር። ያ ገንዘብ ሚያዝያ ላይ ይሳሳል፣ ሰኔ ላይ ያልቃል። ከዚያ ዝናብ፣ ማዳበሪያ፣ የበቆሎ ዋጋ፤ መስከረም ላይ ደግሞ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም። ስለዚህ ገበሬው ቡናውን ዛፍ ላይ ሳለ ይሸጠዋል። ሰብሳቢው ሐምሌ ላይ ይመጣል፣ ጥሬ ገንዘብ ይሰጣል፣ ዋጋ ይቆረጣል፤ ኅዳር ላይ ፍሬው ሲቀላ መጥቶ ይወስዳል። ወለድ የሚባል ቃል አይነሣም። ወለዱ ዋጋው ውስጥ ነው።

አዳዳም ሸጠው ነበር። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ 18 ሺህ ብር ተቀብለው የዘንድሮውን እሸት ቡና ኪሎውን በቁርጥ ዋጋ አስይዘዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የሚላከው ቡና በዶላር ስለሚሸጥ ዋጋው በብር ሽቅብ ወጣ። አዳዳ ወሬውን በሬዲዮ ሰሙት። ሰብሳቢው ጋ ሄደው ጥቂት ጨምርልኝ አሉት፤ «እናቴ፣ ቃል ቃል ነው» አላቸው። «ዋጋው ቢወድቅ ኖሮ ቀንሺልኝ እልሽ ነበር?» አዳዳ ሲነግሩኝ በእሱ የተናደዱ አይመስሉም። «እውነቱን ነው» አሉ። «እሱም የተበደረው ከአቅራቢው ነው፤ አቅራቢውም ከላኪው።»

ያን ቀን ቡና አፈሉልኝ። ረከቦቱ ቀረበ፣ እጣን ተጨመረ፣ ጀበናው እስኪንተከተክ ስለ አባቴ ልጅነት አወሩኝ። አቦሉን ስቀምስ ቀጭን ነው። ምንም አላልኩም። እሳቸው ግን ፊቴን አይተው፣ «ከሱቅ ነው፣ በስኒ የገዛሁት» አሉኝ። «የእኛው ሚያዝያ ላይ አለቀ።» ባለ ቡናዋ አክስቴ ቡና በስኒ ይገዛሉ። ቶናውንና በረካውን ዝም ብዬ ጠጣሁ።

*

ማሳው ከቤቱ ጀርባ ቁልቁል ነው። አዳዳ ከፊት ከፊት በዱላ እየተመረኮዙ፣ እኔ በከተማ ጫማ እየተንሸራተትኩ ወረድን። ኦሮምኛዬ ስብርባሪ ስለሆነ በአማርኛ ያዝኑልኛል፤ የዛፎቹን ስም ግን በአማርኛ አይጠሩም። ስምንት መቶ ገደማ ግንድ ቡና አለ። ብዙዎቹ ከእኔ ሁለት እጥፍ ይረዝማሉ፤ ሲለቀሙ በቀንጠቆ ጎንበስ ተደርገው ነው። ግንዳቸው በሽበት ተሸፍኗል፤ ፍሬው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ነው። አዳዳ ከዚህ ሁሉ አራት ኩንታል ጀንፈል ከወጣ አላህን ያመሰግናሉ።

ታች፣ ጅረቱ ጋ ስንደርስ አንድ ረድፍ አሳዩኝ። «ይህን የተከለው አባትሽ ነው።» ሃያ አራት ግንድ ነው። ከሌሎቹ አጠር፣ ጠበብ ይላሉ። አባቴ አሥራ ስድስት ወይ አሥራ ሰባት ዓመቱ ሳለ፣ ከምርምሩ የመጣ ምርጥ ዘር ተብሎ ችግኝ ሲታደል ወስዶ ተከለው።

ስለዚህ «ምርምር» በኋላ ጓደኛዬን ጠየቅኋት። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ አጥቁሮ ያረግፈዋል፤ በአንዳንድ ማሳ ላይ ምንም አያስተርፍም። ያን ጊዜ ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የምርምር ጣቢያ ተመራማሪዎች በየጫካውና በየማሳው እየዞሩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲረግፍ እሱ ፍሬውን ይዞ የቆመ ዛፍ ፈለጉ። ካገኟቸው ዘሩን ወስደው ፈተኑት። ዛሬ ውጭ አገር ያሉ ውድ ቡና ቤቶች ከረጢታቸው ላይ የሚጽፏቸው 74110፣ 74112፣ 74158 የሚባሉ ቁጥሮች እነዚያው ናቸው፤ 74 ማለት የተመረጡበት ዓመት፣ 1974 ነው። መድኃኒቱ ከውጭ አልመጣም። ጫካው ውስጥ ራሱ ነበር፤ ያልተነቀለ ዛፍ ስለነበረ ነው የተገኘው።

ድንበሩን ተሻግሮ የጎረቤቱ ማሳ ይታያል። ጥላው ተቆርጦ ፀሐይ በዝቶበታል፤ በመስመር የተተከለ ጫት ነው። ጎረቤቱ ሰውየ ሰላምታ ሰጥተው አጥሩ ላይ ተደግፈው ያዋሩን ጀመር። እሳቸውን በክፉ ዐይን ለማየት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ሒሳባቸውን ሲነግሩኝ ግን ዝም አልኩ። ጫት በዓመት ብዙ ጊዜ ይቆረጣል። ሐምሌ ላይ ልጅ ቢታመም ሄዶ ቆርጦ መሸጥ ይቻላል፤ ሰብሳቢ ደጅ መጥናት የለም። ቡና አንድ ዓመት ፍሬ ሰጥቶ በሚቀጥለው ያርፋል፤ ጫት አያርፍም። «ሌባ አለው፤ ሌሊት መጠበቅ ነው» አሉ። «ልጆቼም እየቃሙ ነው። ይኼንን አልወደድኩትም። ግን ዘንድሮ ከማንም አልተበደርኩም።»

ከዘንድሮ ከማንም ያለመበደርን ምን ልትመልሱለት ትችላላችሁ?

ልጃቸው ደግሞ ስልክ ይዞ ማሳ ለማሳ ይዞራል፤ ሥራው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና አልቀበልም የሚል ሕግ አውጥቷል፤ አፈጻጸሙ ቢራዘምም ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ በካርታ ማሳየት ግድ ይላል። ስለዚህ ልጁ በየማሳው ጥግ እየቆመ ነጥብ ይይዛል። የአዳዳን ማሳም ለክቶታል። ስልኩን አሳየኝ፤ አረንጓዴ ላይ የተሰመረች ትንሽ፣ ጎባጣ ቅርጽ። «ይቺ እናንተ ናችሁ» አለኝ። ጎኗ ያለውን የአባቱን ማሳ ስጠይቀው፣ «ያ ቡና አይደለም፤ ካርታው ላይ የለም» አለ።

እሱ ነው ስለ ጉንደላ የነገረኝ። ያረጀ ቡና መነቀል የለበትም። ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ጥር ወይ የካቲት ላይ፣ ከአፈር 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሰያፍ ይቆረጣል። ዝናብ ሲመጣ ከጉቶው ቡቃያ ያወጣል፤ ጠንካራ ጠንካራው ተመርጦ ሌላው ይገረዛል፤ በሦስተኛው ዓመት እንደ ወጣት ዛፍ ያፈራል። ሥሩ ያው የድሮው ሥር ነው። በጣም ደስ አለኝ። ለማልቀስ የደረስኩ ይመስለኛል። ሮጬ ለአዳዳ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «የልማት ሠራተኛው በየዓመቱ ይነግረኛል።»

«ታዲያ ለምን አላደረጉትም?»

ዱላቸውን አፈሩ ላይ ተክለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ሁለት ዓመት» አሉ። «ለቡናው ሁለት ዓመት ምንም አይደለም። ለእኔ፣ ልጄ፣ ሁለት ክረምት ነው። ማን ያሻግረኛል?»

*

ያን ሌሊት ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ አልተኛሁም። መጀመሪያ ያሰብኩት አንድ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ በስልክ እሺ ብዬ በቀረሁ አልኩ። አይቶ እሺ ማለት ከባድ ነው። አይቶ እንቢ ማለት ደግሞ ነፃ አይደለም፤ እንቢ ያለ ሰው ሒሳቡን ይከፍላል። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ፣ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ፣ «ቡናችን ማንነታችን ነው» ብዬ ብለጥፍ ያሻግራቸዋል? አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሳችን እንጠጣዋለን። ዛፉ የቆመው ግን በእኛ ፍቅር ሳይሆን፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች በየክረምቱ ስለሚበደሩ ነው።

የጓደኛዬ ቃል ትዝ አለኝ፤ ምን እንደሚሰጡና ምን እንደሚያስቀሩ መለየት። ስልኬን አውጥቼ ሒሳብ ጀመርኩ። ላፕቶፕ ለመግዛት ያጠራቀምኩት 30 ሺህ ብር አለኝ። ደሞዜ ይታወቃል፣ የቤት ኪራዬም ይታወቃል።

ጠዋት አዳዳን እንዲህ አልኳቸው። ሁሉን በአንዴ አንቁረጥ። ሦስት ቦታ እንክፈለው፤ በዓመት አንድ ሦስተኛውን። የተቀረው ፍሬ መስጠቱን አያቋርጥም። የጉልበት ሠራተኛውን እኔ እከፍላለሁ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት በየወሩ 3 ሺህ ብር እልካለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ቡናውን ዛፍ ላይ ሳለ አይሸጡም።

ስኳሩን ሲያማስሉ ቆዩ። ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፤ «ሥራሽ ቢቀርስ?»

መልስ አልነበረኝም። «አላውቅም» አልኩ።

«ጥሩ» አሉ። «አውቃለሁ ብትዪ ኖሮ አላምንሽም ነበር።» ከዚያ የራሳቸውን ጨመሩ። ላይኛው ጥግ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ፣ ጥቂት እግር ጫት ይተከላል፤ አንቺ ብትቀሪ እሱ አይቀርም። ሊከፋኝ ፈለግሁ፤ ግን ሒሳቡ ልክ ነበር። ሌላም ነገር አሉ፤ የአባትሽን ረድፍ መጀመሪያ እንቆርጠዋለን። ለምን ስላቸው፣ «አንቺ እንዳትረሺው» አሉኝ።

ስመለስ ከአሰንዳቦ በኋላ ውሃው እንደገና መጣ። አሁንም ቆንጆ ነበር፤ እሱን መካድ አልችልም። አንድ ጊዜ የተወሰነ ነገር ሃያ ዓመት ሲሞላው ተፈጥሮ ይመስላል። ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው የጫት ማሳ ቢያይ ድሮም ጫት ነበር ብሎ ያልፋል።

*

የካቲት 2017 ዓ.ም. ላይ የጎረቤቱ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። ያን ወር የአረቢካ ቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ተመዝግቦ የማያውቅ ከፍታ ላይ ደርሶ፣ አንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ እየተሸጠ ነበር። ፎቶው ላይ ያለው ጉቶ ነው። የአባቴ ሃያ አራት ዛፎች ጉልበቴ በማይደርስ ከፍታ ተቆርጠው፣ ነጭ ቁስላቸው ወደ ሰማይ ተገልጦ ቆመዋል። በአረቢካ ታሪክ ውዱ ቡና ገበያ ላይ ሳለ እኛ ቡናችንን ቆረጥን። አዳዳ ሲደውሉ፣ «ለቅሶ ቤት ይመስላል» አሉኝ። «ጎረቤቶቼ ሁሉ ምን ነካቸው እያሉ ነው።»

ግንቦት ላይ ሌላ ፎቶ መጣ። ከየጉቶው ጎን አውራ ጣት የሚያህል አረንጓዴ ወጥቷል። ሃያ አንዱ አቆጥቁጧል፤ ሦስቱ ዝም ብለዋል።

ሰኔ ላይ ላክሁ። ሐምሌ ላይ ደሞዜ ዘገየ፣ ኪራይ ተጨመረብኝ፣ ሳልልክ ወሩ አለፈ። አዳዳ አልደወሉም። ስለ ገንዘቡ ያልጠየቁኝ ስላልቸገራቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሐምሌ ሰብሳቢው በየበሩ የሚዞርበት ወር ነው። ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን የሁለቱን ወር አንድ ላይ ልኬ ደወልኩ። ስለ ዝናቡ አወሩኝ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ቡቃያው ግርዛት። በመጨረሻ ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ሰውየው መጥቶ ነበር?» አልኳቸው።

«መጥቶ ነበር» አሉ።

«ታዲያ?»

«ቡና አፍልቼለት ሄደ። የራሳችንን» አሉኝ። «አንድ ጣሳ ደብቄ ነበር።»

ጥቅምት ላይ እሄዳለሁ። ከሁለት ሦስተኛው ማሳ ሁለተኛው ተራ ጥር ላይ ይቆረጣል፤ እሱንም አይቼ ነው እሺ የምለው።